ለሰይድ አፉ ያልኩበት ቀን

እንጀራዬ መናገር ነው። በሬዲዮ የሰውን ጥፋት ስዘግብ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። የራሴን አንዱን ጥፋት ግን ለሚስቴም፣ ለአለቃዬም፣ ለንስሐ አባቴም ትንፍሽ ሳልል እስከ ዘንድሮ ቆይቻለሁ። ዛሬ የምናገረው ልቅለል ብዬ እንዳይመስላችሁ። እውነቱ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ጠይቆኛል።

ነገሩ የሆነው መካነ ሰላም፣ የዘሃራ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ዘሃራ ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሯት። በአንዱ ራሷ ትጽፋለች፣ የሠርግና የጉርድ ፎቶ ታሰናዳለች። በመስኮቱ አጠገብ ባለው ደንበኛ ኢንተርኔት ይጠቀምበታል። ሁለቱ በገመድ ስለተያያዙ የአንዱ ፋይል ከሌላው ይከፈታል። በሩ ሥር ደግሞ ሰይድ የሚባል ወጣት ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ በሰው የስልክ ሚሞሪ ላይ ዘፈን፣ መንዙማና መዝሙር ይጭናል። የራሱ ኮምፒውተር የለውም። የመስኮቱ ኮምፒውተር ነፃ ሲሆን ይሠራበታል። ገበያ ቀን የገጠሩ ሰው ከቦት «ሰይዶ፣ ያችን ያለፈውን ሳምንት አሁንም ድገምልኝ» ሲለው ይውላል።

እኔ ሥራዬን የምልከው ከዚያ መስኮት ነበር። በዚያ ሰሞን ያዘጋጀሁት ስለ ምን እንደነበረ ልንገራችሁ፤ ኢንተርኔት ስንጠቀም ኮምፒውተራችንን ከአደጋ እንዴት እንደምንጠብቅ ነው። ባለሙያ አነጋግሬ፣ ምክሩን አጣርቼ፣ በራሴ ድምፅ አንብቤዋለሁ። ከማታውቁት ገጽ ፕሮግራም አታውርዱ። አድራሻውን አይታችሁ ግቡ። ጸረ ቫይረሱን አታጥፉ። ብሮውዘሩ አደጋ አለ ሲላችሁ ተመለሱ።

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። የጣስኩትም እኔ ነኝ፤ ያንኑ ዝግጅት ለመላክ ስል።

የድምፁ ፋይል ከባድ ስለነበር በዚያ ኔትወርክ አልሄድ አለኝ። ማሳነሻው ፕሮግራም የሚገዛ ነው። ክራክ የተደረገውን፣ ቁልፉ ተሰብሮ በነፃ የሚለቀቀውን ፍለጋ ከገጽ ወደ ገጽ ዘለልኩ። አንዱን ስከፍት የኮምፒውተሩ መስኮት በሙሉ ቀይ ሆነ። ይህ ገጽ ኮምፒውተርዎን ሊጎዳ ይችላል አለኝ። አነበብኩት። ከታች በትንሽ ፊደል ያለችውን «ቀጥል» ተጫንኩ። ጸረ ቫይረሱ ፋይሉን ሲይዝብኝ ጸረ ቫይረሱን አጠፋሁት። ፕሮግራሙ ፈቃድ ሲጠይቀኝ ፈቀድኩለት። ከዚያ ዝግጅቱን አሳንሼ ላክሁ፣ ያወረድኩትን ፋይል ሰረዝኩ፣ ጸረ ቫይረሱን መልሼ አበራሁና ዘሃራን ተሰናብቼ ወጣሁ። አላወቅሁም ነበር ልበላችሁ? ከእኔ በላይ በዚያ ከተማ ማን ያውቅ ነበር?

በማግስቱ ዘሃራ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ፋይሎቹ ሁሉ ተቆልፈዋል። መክፈቻውን የሚፈልግ ይክፈል የሚል የባዕድ ጽሑፍ ብቻ ቆሞባታል። የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ሄደ። የሙሽሮች ፎቶ ሄደ። አንዲት እናት የሞተ ልጃቸውን ፎቶ አሳድጊልኝ ብለው ከተሰበረ ስልክ አስወጥተው ሰጥተዋት ነበር። እሱም ሄደ። ሌላ ቅጂ አልነበረውም።

በእኛ አገር አጥፊው ያልታወቀ ጉዳት ሲደርስ አውጫጭኝ ይቀመጣሉ። ሁሉም ተሰብስቦ እያንዳንዱ የሚያውቀውን በሽማግሌ ፊት ይናገራል። ለበግና ለበሬ የነበረው ወግ ለኮምፒውተር ተቀመጠ። ከሱቁ ፊት ለፊት ድንጋይና አግዳሚ ተደርድሮ ቄሱም ሼሁም መጡ። አንድ ሽማግሌ ፈራ ተባ እያሉ «በሽታው ወደ ሰው ይጋባል እንዴ?» ሲሉ ከኋላ አንዱ «አይስጉ አባባ፣ እርስዎ ፍላሽ መሰኪያ የለዎትም» አላቸው። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ተራዬ ደረሰ። ብድግ ብዬ እንዲህ አልኩ፦ «እኔ በዚያ ኮምፒውተር ፍላሽ ሰክቼ አላውቅም። ቫይረስ ብዙ ጊዜ ከፍላሽና ከሚሞሪ እንደሚመጣ ግን ባለሙያዎች ይናገራሉ።»

ሁለቱም ዓረፍተ ነገር እውነት ነው። ዛሬም አጣርታችሁ ስህተት አታገኙበትም። እንደ ዜና ነው ያሰናዳሁት፤ የማይካድ ነገር መርጬ፣ አስቀድሜ በልቤ አርሜ። ውሸት ብናገር ይሻል ነበር፤ ውሸት ይያዛል። የሰው ዓይን ሁሉ ወደ በሩ ሥር ጠረጴዛ ዞረ።

«ሰይዶ፣ የማንን ዘፈን ነው ያበላኸን?» አለ አንዱ።

ሰይድ አልተከራከረም። እንዴት ይከራከር? የስንቱን የማያውቀውን ሰው ሚሞሪ ሲሰካ ነው የሚውለው። እኔ ደግሞ በሬዲዮ ሰምቶ የሚያምነኝ ሰው ነኝ። ራሱን ጠረጠረ፤ ከዚያ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብሎ አመነ። ተነስቶ ኮፍያውን አወለቀና «ሳላውቅ ነው። አፉ በሉኝ» አለ። ወሎ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይቅርታ የሚለምነው በዚህ ቃል ነው። በየሰው ፊት እየቆመ ለመነ። የልጃቸው ፎቶ የጠፋባቸው እናት «አፉ ብያለሁ ልጄ፣ አንተም የሰው ልጅ ነህ» አሉት።

ወደ እኔ መጣ። የእኔም ቃለ መጠይቆች እዚያ ነበሩ።

«ጋሼ፣ የእርስዎም ሥራ በእኔ ጠፋ። አፉ ይበሉኝ።»

«አፉ ብያለሁ» አልኩት። ትከሻውንም መታ መታ አደረግሁት።

በደሌ ይህ ነው። ቀዩን መስኮት ማለፌ ግዴለሽነት ነው፤ ዝምታዬ ፈሪነት ነው። እኔ ግን ከዚያ አልፌ ለራሴ ጥፋት ሌላውን ሰው ይቅር አልኩ። ምን ዓይነት ሰው እንዲህ ያደርጋል? እኔ አደረግሁት። ተረጋግቼ፣ ደግ ሰው መስዬ፣ ሰው እያየኝ አደረግሁት።

ዘሃራ ጠረጴዛውን አስነሳችው። ከዚያ በኋላ ለሰይድ ሚሞሪውን የሚሰጥ ጠፋ። «ሰይዶ መጣ፣ ስልክህን ደብቅ» ማለት የወጣቱ ቀልድ ሆነ። አንድ ቀን ከተማውን ለቆ ሄደ።

ዘንድሮ ለሥራ አቀስታ ሄጄ ገበያው ዳር አገኘሁት። የገብስ ጆንያ መኪና ላይ ይጭናል። አቅፎ ሰላም አለኝ፤ ደስ አለው። ሙዚቃውን ለምን እንደተወ ጠየቅሁት። እንደማላውቅ ሆኜ።

«እጄ ለዚያ አይሆንም ጋሼ» አለ። «የሙት ፎቶ ያጠፋ እጅ ነው።»

እዚያው ነገርኩት። ከቀዩ መስኮት ጀምሬ አንዱንም ሳላስቀር። ሲሰማ ጀርባው ላይ የነበረውን ጆንያ ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«እና እኔ ለምን ነበር አፉ በሉኝ ያልኩት?»

«ሰይድ፣ አፉ…» ብዬ ስጀምር እጁን አነሳብኝ።

«ተዉት። እዚህ ማን ያውቀኛል? እዚያው መካነ ሰላም ይናገሩት፣ እኔ በቆምኩበት። የእኔን ከዚያ በኋላ እናያለን።» ጆንያውን መልሶ ተሸከመ።

የሥራ ባልደረቦቼ አትናገር ይሉኛል። ስምህን ለምን ታቆሽሻለህ ይላሉ። ቫይረሱን የሠራው ባሕር ማዶ ያለ ሌባ ነው ይላሉ። አዎ፣ ሌባው ሌላ ነው። ተዘግቶ የነበረውን በር ግን ማን ከፈተለት? ኔትወርኩ ደካማ ነበር፣ ሰዓቱ ደርሶብህ ነበር የሚሉም አሉ። አልቀበልም። ያን ምክንያት የማውቀው እኔ ነኝ፤ የማልጠቀምበትም እኔ ነኝ። ስሜ ቢቆሽሽ ይቆሽሽ። የሰይድ ስም በእኔ ፈንታ ቆሽሾ ኖሯል።

ለዘሃራ አስቀድሜ ሄጄ ነገርኳት። «ይህን ሁሉ ዘመን ወረቀትህን ፎቶ ኮፒ ሳደርግልህ አላፈርክም?» አለችኝ። አላፈርኩም ነበር። ይኸውም ይመዝገብብኝ።

እናንተ በዚያ አውጫጭኝ የተቀመጣችሁ፣ ይኸው ዛሬ ሰይድ በቆመበት በዘሃራ ሱቅ ፊት ቆሜያለሁ፤ ስሙኝ። አፉ በሉኝ አልላችሁም። ያን ቃል አንዴ የእኔ ባልሆነ ቦታ ተናግሬዋለሁና ዳግመኛ አፌ ላይ ላወጣው መብት የለኝም። የምጠይቃችሁ ሌላ ነው፤ ለሰይድ ያላችሁትን አፉ መልሳችሁ ውሰዱ። እሱ ይቅር የሚባል ጥፋት አልነበረውም። ያ ይቅርታ እስከ ዛሬ ጀርባው ላይ አለ፤ ከጆንያው ይከብዳል። አውርዱለት።

መጀመሪያ የእኔን አነሳለሁ። ሰይድ፣ አፉ ብያለሁ ያልኩህን ሽሬዋለሁ።