የማይቀመጡት አባት

በምርጫው ማግስት ከማስተምርበት ክፍል ተወስጄ ፍኖተ ሰላም እስር ቤት ስገባ፣ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ ቆመው ነበር። ለእኔ የተነሱ መስሎኝ አፈርኩ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ከማንኩሳ ገጠር የመጡ አንድ ሽማግሌ አይቀመጡም፤ እሳቸው ቆመው ደግሞ ማን ይቀመጣል?

መርማሪው "ተቀመጥ" ሲላቸው እምቢ በማለታቸው፣ ንቀት ነው ተብሎ በጥፊ ተመትተዋል። እኛ ደግሞ ጀግንነት መስሎን ኮራንባቸው። አንድ ቀን ከሽንት ቤት ስንመለስ ወደቁ። ሳነሳቸው ቁምጣቸው በደም ርሷል።

"ኪንታሮት ነው" አሉኝ በሹክሹክታ። "ለሰው እንዳታወራብኝ፣ ልጄ።"

ብቻቸውን መራመድ ስላቃታቸው ቀኝ እጃቸው ከእኔ ግራ እጅ ጋር በአንድ ካቴና ታስሮ ሆስፒታል ተወሰድን። ሐኪሙ ወጣት ነው።

"አባቴ፣ ቢላ የለበትም። እብጠቱን ከሥሩ በትንሽ የጎማ ቀለበት አስረዋለሁ። ደም ሲያጣ ይደርቅና በራሱ ይወድቃል።"

ሽማግሌው የሚያዩት በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ ነበር።

"ይኸ ልጅ ይውጣልኝ።"

"አልችልም አባባ፣ እስረኛ ጥዬ መውጣት አይፈቀድልኝም" አለ ፖሊሱ።

"እንግዲያው ተወኝ፣ ልሙት። በዚህ እድሜዬ በልጅ ፊት አልገለጥም።"

ሐኪሙ ደሙ ካልቆመ አደገኛ እንደሆነ ቢነግራቸውም ቁምጣቸውን ጨምድደው ያዙ። እውነትም ሊሞቱብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አንስቼ በቀኝ እጄ ጋረድኩላቸው።

"እኔም አላይም አባቴ፣ ይኸው ዞሬያለሁ" አልኳቸው።

በግራ ጎናቸው ተኙ። በአንድ እጅ የተያዘ ጋቢ መች ይጋርዳል፤ ወዲያው ተንጠለጠለ። ክንዴም ዛለ። ድንገት ሌላኛው ጫፍ ከፍ አለ። ፖሊሱ ነው። ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ይዞልኛል። ሐኪሙ እስኪጨርስ እንዲሁ ቆምን።

"ከበደኝ እንጂ አላመመኝም" አሉ ሽማግሌው ሲነሱ። ለፖሊሱም "ተባረክ" አሉት። እሱ መሬት መሬት ያያል።

ሐኪሙ ውሃ እንዲያበዙ ስላዘዛቸው ከድርሻዬ አካፍላቸው ነበር። ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ጋቢያቸውን አጥፈው፣ ቀስ ብለው ተቀመጡበት። ቀና ብለው አዩን።

"ምነው ቆማችሁ? ተቀመጡ እንጂ!"

በካቴና አስሮ በጠመንጃ ይጠብቀን የነበረውን ያን ፖሊስ ይቅር ልበለው አልበለው እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም፤ ልጠላው ግን አልቻልኩም። አብረውን የታሰሩት ስንገናኝ፣ ሽማግሌው ለመርማሪ አልቀመጥም ብለው በጀግንነት መቆማቸውን ያወራሉ። አንድም ቀን አላረምኳቸውም። ስማቸውን እዚህም ያልጻፍኩት "እንዳታወራብኝ" ስላሉኝ ነው።