የፍየሎቹ ግራ ጆሮ

ባሌ ሲሞት የተረፈኝ አንድ በሬ ነበር። በአንድ በሬ አይታረስም፤ እንደኔው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቴ ጋር ተቀናጀን፤ ሦስት ቀን ለሱ፣ ሦስት ቀን ለእኔ። አንድ ቀን በተራው ሲያርስ ውሎ፣ በሬዬን ከቀንበር ፈትቶ ገደል አፋፍ ላይ ለቀቀውና ጠላ ሊጠጣ ሄደ። በሬዬ ተንከባሎ ሞተ። በሬ ካራጁ ይውላል የሚሉት እውነት ነው።

ከሰስኩት። አጥቢያ ዳኛው ፈረዱልኝ፤ አሥራ አንድ ፍየሎቹን በስምንተኛው ቀን ሊያስረክበኝ፣ እኔም ሰቆጣ ገበያ ሸጬ በሬ ልገዛባቸው። እስከ ሰኔ ካልገዛሁ መሬቴ ጦሙን ማደሩ ነው።

በአገራችን የፍየል ባለቤት የሚታወቀው በጆሮ ምልክት ነው። ጎረቤቴ ቀኝ ጆሮ ብቻ ይሰነጥቃል፤ የእህቱ ባል ሁለቱንም። ከዳኛውና ከሽማግሌዎች ጋር ልረከብ ስሄድ የአሥራ አንዱም ፍየሎች ሁለት ጆሮ ተሰንጥቆ ጠበቀኝ። የእህቱ ባል ቀድሞን ቆሟል። ፍየሎቹን ከገና በፊት ገዝቻቸዋለሁ፣ ምልክቴን እዩ አለ። ማል ቢሉት ማለ።

ቀኙ ጆሮ የቆየ ጠባሳ ነው። ግራው ደም ያዣል፣ ዝንብ ወሮታል። ይህን ለማየት ዓይን እንጂ ዳኝነት አያስፈልግም። ሁሉም አዩ። አይተውም ምልክት ምልክት ነው፣ መሐላም መሐላ ነው አሉ። ሌባውን ይቅር ብዬው ይሆናል፤ እነዚያን አይተው እንዳላዩ የሆኑትን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።

አንዷን ፍየል ያዝኩና ግራ ጆሮዋን ጨመቅሁ። ጣቴን በዳኛው ነጭ ጋቢ ላይ ጠረግሁት።

«እርስዎ ከገና ጀምሮ ሲደማ የከረመ ጆሮ አይተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

በልቤ ያለውን በእናቴ ቋንቋ በኽምጣኛ ብናገረው ኖሮ የባሰ ይመጣብኝ ነበር። ለዚችም ዳኛ ደፍረሻል ተብዬ መቀጫ ተጣለብኝ። የምከፍለው የለኝም፣ ያለኝን ሁሉ ለእህቴ ሰጥቻለሁ አልኩ። ለጎረቤቴ የሠራ ለእኔም ይሠራል ብዬ ነው። አንዱ ሽማግሌ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም፤ ቤቴ ሰው ልከው ባሌ ከዋንዛ የጠረበውን ቀንበር በመቀጫው ፈንታ አስመጡ።

«በሬ ከሌለሽ ቀንበሩ ምን ይሠራልሻል፣ ልጄ?» አሉኝ፣ በደግ ሰው ድምፅ።

ያን ክረምት መሬቴ ጦሙን አደረ፣ አረም ዋጠው። አሥራ አንዱ ፍየሎች እየመጡ ይግጡት ነበር። ጆሯቸው ድኖ ግራው ከቀኙ አይለይም። የሚጠብቃቸው ያው ጎረቤቴ ነበር።