ሁለት ስፔድ ብያለሁ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ብሪጅ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ የምንጫወት አራት ሰዎች ብቻ ነን። አምስተኛ አለ የሚል ካለ ይምጣና ይሞግተኝ። ሦስታችን ጡረታ የወጣን መምህራን ነን፤ አራተኛዋ እናኑ ናት፣ የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ የነበረችው። ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ ከአራታችን ጨዋታውን በደንብ የሚያውቀው ሰው አንድ ነው፣ እሱም ከሦስታችን መምህራን መካከል የለም።

ይህን ጋሽ ክንፈሚካኤል ቢያነቡት ይቆጡኛል። ይቆጡ! እኔ ያረጋል ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር እሳቸው ርእሰ መምህሬ ነበሩ፤ ያኔ የፈራኋቸው ይበቃል። የእናኑን ነገር ግን ሳልናገር ብቀር ራሴን እታዘበዋለሁ።

እናኑ የሽንዲ አካባቢ ልጅ ናት። አባቷ በርበሬና በቆሎ የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰች ለባል ሊሰጧት ሽማግሌ ተሰብስቦ ሲመክር፣ መሀላቸው ገብታ፣ «ይኼ ሁሉ ምክር ስለ እኔ ከሆነ እኔን የጠየቀኝ ማነው?» አለቻቸው። በሳምንቱ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ፍኖተ ሰላም አክስቷ ዘንድ መጣች። አባቷ ሁለት ዓመት አኮረፏት፤ እሷም ሁለት ዓመት አኮረፈቻቸው። ኋላ ራሷ የመረጠችውን ሰው አገባች፣ ሁለት ልጅ ወለደች፣ ባሏ ሲሞትባት ልጆቿን በዚያችው የጽዳት ደመወዝ አሳደገች።

እኛ ትምህርት ቤት ከተቀጠረች በኋላ ከጋሽ ክንፈሚካኤል ጋር መጀመሪያ የተጋጩት በሥራ አፈጻጸም ምዘና ነው። ቅጹ ላይ «ታዛዥነት ይጎድላታል» ብለው ጻፉና ፈርሚ አሏት።

«አልፈርምም» አለች።

«ለምን?»

«ጋሼ፣ ክፍሎቹ ይጸዳሉ ወይስ አይጸዱም? እሱን ይጻፉ። እኔ የተቀጠርኩት ወለል ላጸዳ ነው።»

አራት ወር አልፈረመችም። የወረዳው ሰው መጥቶ ለመናት፣ አልፈረመችም። በመጨረሻ ጋሽ ክንፈሚካኤል ያቺን መስመር ሰርዘው «ሥራዋ ንጹሕ ነው» ብለው ጻፉ፤ እሷም በዚያው ብዕር ፈረመች። እሳቸው ይህን እስከ ዛሬ አልረሱትም።

ብሪጅን ያመጣብን ሚስተር ቶማስ የሚባል ሕንዳዊ የሒሳብ መምህር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በመምህራን ክበብ ጋሽ ክንፈሚካኤልን፣ እኔንና የቡሬውን አድማሴን አስቀምጦ ያስተምረን ጀመር። አድማሴ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ጡረታ ወጥቶ ቡሬ ከገባ በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ይመጣል። እናኑ ያኔ ክበቡንም ታጸዳ ነበር። አንድ ቀን እኔ አንድ ካርታ ስጥል ከኋላዬ «እ-ህ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል እናኑ መወልወያዋን ተደግፋ ቆማለች። ሚስተር ቶማስ ሳቀና፣ «ምን መጣል ነበረበት?» አላት። ነገረችው። «ለምን?» አላት። ማን ምን እንደጣለ፣ ማን ምን እንደቀረው አንድ በአንድ ቆጠረችለት። ሰውየው አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ደግሞ፣ እንዴት እንዳፈርኩ አትጠይቁኝ።

ሚስተር ቶማስ ወደ አገሩ ሲመለስ አራተኛው ቦታ ባዶ ሆነ፤ በሱ ቃል እናኑ ተቀመጠች። የክበቡ ኃላፊ ግን፣ «ወንበር ለአባል ብቻ ነው» አለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከቤቷ የጠፍር ወንበር ተሸክማ መጣች፣ ጠረጴዛው ጋ አስቀመጠች፣ ተቀመጠችባት። ያቺ ወንበር አሥራ ሰባት ዓመት እዚያው ኖረች።

አሁን ስለ ጨዋታው ትንሽ ልንገራችሁ፤ አይዟችሁ፣ አይከብድም። ሁለት ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ይጣመራል፤ እናኑ ከጋሽ ክንፈሚካኤል ጋር፣ እኔ ከአድማሴ ጋር። ሰው ሁሉ አሥራ ሦስት ካርታ ይይዝና በየተራ ይጠራል፦ ከስድስት በላይ ስንት ዙር እበላለሁ፣ የትኛው የካርታ ዓይነት ገዢ ይሁን። ኖ ትራምፕ ማለት ገዢ አይኑር ማለት ነው። «አንድ ኖ ትራምፕ» ብሎ የከፈተ ሰው እጄ ጠንካራ ነው፣ የተመጣጠነ ነው፣ ነጥቤም ከዚህ እስከዚህ ነው ብሎ ተናግሮ ጨርሷል። ከዚያ በኋላ የሁለቱንም እጅ የሚያውቀው ጓደኛው ነው፤ ስለዚህ ወሳኙ መላሹ ነው። መላሹ ባዶ እጅ ቢይዝ እንኳ ወሳኙ እሱ ነው። «ሁለት ስፔድ» ካለ፣ እጄ ደካማ ነው ግን ስፔድ በርከት ብሎ አለኝ፣ ስፔድ ይግዛና እዚህ እንቁም ማለቱ ነው። ከፋቹ የሚጠበቅበት አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ፓስ፣ አልጨምርም ማለት።

ከዚያ ነው ችግሩ። ከፋቹ ፓስ ካለ፣ ያን የመሰለ ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ እጁን አጣጥፎ፣ ጓደኛው ጣል ያለውን ብቻ እየጣለ መቀመጥ አለበት። ዳሚ ይባላል። ጋሽ ክንፈሚካኤል በሄዱበት የሽምግልና ሸንጎ ሁሉ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩ ሰው ናቸው። የቀድሞ የጽዳት ሠራተኛቸው ቃሉን ዘግታ እሳቸው ዝም ብለው ካርታ ሊያቀብሉ? አያደርጉትም! እናኑ «ሁለት ስፔድ» ስትል፣ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ሁለት ኖ ትራምፕ» ይላሉ። ጨዋታው የሳቸው ይሆናል፤ ካርታዋን ዘርግታ የምትቀመጠው እሷ ትሆናለች። ከዚያ ይሸነፋሉ። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ሆነ።

እኔና አድማሴስ? እኛማ እናሸንፍ ነበራ! ምን አፋችንን ያስከፍተናል?

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ግን አንድ ቅዳሜ ነገሩ ፈነዳ። ክበቡ ሰው ሞልቶት ነበር፤ ሬዲዮ ይጮኻል፣ ድራፍት ይቀዳል። ጋሽ ክንፈሚካኤል ካርታቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ደረታቸው አስጠግተው «አንድ ኖ ትራምፕ» አሉ። አድማሴ ፓስ። እናኑ «ሁለት ስፔድ» አለች። እኔም ፓስ።

«ሁለት ኖ ትራምፕ» አሉ ጋሽ ክንፈሚካኤል።

እናኑ ቀና ብላ አየቻቸው። «ሦስት ስፔድ።»

ድጋሚ እንቁም ማለቷ ነው። ካርታ ያልያዘ ሰው እንኳ ከድምጿ ያውቀዋል።

«ሦስት ኖ ትራምፕ!» አሉ፣ ጠረጴዛውን በጣታቸው መታ አድርገው።

እናኑ ካርታዋን ዘረጋች። ከአሥር ጀምሮ ወደ ታች ስድስት ስፔድ፣ ሌላው ቆሻሻ። ስፔድ ገዢ ቢሆን እነዚያ ጥቃቅን ካርታዎች ዙር ይበሉ ነበር፤ ያለ ገዢ ግን ምንም ናቸው። ጋሽ ክንፈሚካኤል ዘጠኝ ዙር እበላለሁ ብለው ጠርተው አራት በሉ። አራት!

ፊታቸው ቀላ። ከዚያ ለክበቡ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «ድሮም መወልወያ የለመደ እጅ ካርታ ምን ያደርግለታል? ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የእህቴን ልጅ ጌታሁንን አስቀምጣለሁ። ባንክ ነው የሚሠራው፣ ሰው ነው» አሏት።

እናኑ ተነሳች።

«ጋሼ፣ ሁለት ስፔድ ብያለሁ። ሦስት ስፔድም ብያለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ብያለሁ። መወልወያውንም በደንብ ይዤው ነበር፣ እርስዎው ራስዎ ጽፈውልኛል።»

የጠፍር ወንበሯን በትከሻዋ ተሸክማ በሰው መሀል ወጣች። ማንም አላስቆማትም። እኔም አላስቆምኳትም፤ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጌታሁን መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ክፉ አይወጣውም፤ ግን በሦስተኛው ቅዳሜ ስልኩ ላይ የእግር ኳስ ውርርድ እያየ በጋሽ ክንፈሚካኤል አስ ላይ የራሱን አስ በከንቱ ጣለ። በአራተኛው ቅዳሜ አልመጣም። ሦስት ሽማግሌ አንድ ባዶ ቦታ ከበን ተፋጠጥን። አድማሴ፣ «እኔ ከቡሬ ድረስ የምመጣው ግድግዳ ለማየት ነው እንዴ?» ብሎ ተነጫነጨ።

ተማክረን እኔ ለሽምግልና ተላክሁ። ቤቷ ወደ ማንኩሳ መውጫ ነው። ደጇ ላይ በርበሬ አስጥታ፣ የተበላሸውን ስትለቅም አገኘኋት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ከሽንዲ በርበሬ እያመጣች ትነግዳለች። በዚያችው ጠፍር ወንበር አስቀመጠችኝ።

«እናኑ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አምልጧቸው ነው» አልኳት። «አንቺም ጉልበታቸውን ሳም አድርገሽ፣ እሳቸውም ይቅር ብለውሽ፣ ነገሩ ይለቅ።»

«ማን ማንን ነው ይቅር የሚለው?»

ከተሰጣው አንድ በርበሬ አንስቼ ማገላበጥ ጀመርኩ።

«ጋሽ ያረጋል፣ እርስዎን ልጠይቅዎት። ‹ሁለት ስፔድ› ስል ልክ ነበርኩ አልነበርኩም?»

«ልክ ነበርሽ።»

«ያኔም ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና አሥራ ሰባት ዓመት ዝም አሉ።» የተበላሸ በርበሬ ወረወረች። «ለሳቸውስ ኩራታቸው ነው። እርስዎ ግን በምን ቻሉት?»

አፈርኩ። ሰው በስድሳ ስድስት ዓመቱ እንዲህ ያፍራል ብዬ አላውቅም ነበር።

«ጉልበት አልስምም» አለች። «ሽማግሌም አትላኩብኝ። ይቅርታቸውንም አልፈልገው፣ ለራሳቸው ያስቀምጡት። ሚስተር ቶማስ ያስተማረንን ብቻ ነው የምፈልገው። እሳቸው ሲከፍቱ እኔ ልወስን። ያን ማድረግ ከቻሉ ቤቴ ይምጡ፤ ወንበሬ ተመልሳ ክበብ አትገባም። ካልቻሉም ደህና ይሁኑ፤ እኔ በርበሬ አለኝ።»

አድማሴን አስከትዬ ቤታቸው ሄጄ ቃል በቃል ነገርኳቸው፣ አንዲት ቃል አላለሳለስኩም። ጋሽ ክንፈሚካኤል ኮፍያቸውን አነሱ። «እኔ? ሴት ቤት ሄጄ? አንተ ሰውዬ አብደሃል!» አሉ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ካልሄዱ እኔም ክበብ አልመጣም» አልኳቸው። አድማሴም «እኔም» አለ። አባረሩን።

ሁለት ቅዳሜ አለፈ። በሦስተኛው ቅዳሜ እናኑ ቤት ሄደን እኔ፣ እሷና አድማሴ በቆሎ እየፈለፈልን ስናወራ፣ ባጃጅ ደጁ ላይ ቆመ። ጋሽ ክንፈሚካኤል በከዘራቸው ተደግፈው ወረዱ። ስለ ክበቡም፣ ስለ መወልወያውም ምንም አላሉም። «ካርታው አለ?» ብቻ አሉ።

«አለ፤ ይግቡ» አለች እናኑ።

ተቀመጥን። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች እንዲሁ አለፉ። በአራተኛው እናኑ አድላ ፓስ አለች፤ እኔም ፓስ። ጋሽ ክንፈሚካኤል ካርታቸውን እንደልማዳቸው ወደ ደረታቸው አስጠጉና፣ «አንድ ኖ ትራምፕ» አሉ።

አድማሴ ፓስ አለ።

«ሁለት ስፔድ» አለች እናኑ።

እኔ ፓስ።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ያን ድምፅ አሥራ ሰባት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ምን እንደሚከተለው አውቃለሁ። አፋቸው ሊከፈት ሲል አየሁ። እናኑ አላየቻቸውም፤ ካርታዋን በጠረጴዛው ጠርዝ መታ መታ አድርጋ እያስተካከለች ነበር። ከአሁን በኋላ ሁለት ኖ ትራምፕ ቢሉ ምን እንደምታደርግ ሦስታችንም እናውቃለን። በሩ ክፍት ነው፣ ባጃጁም አልራቀም።

ጋሽ ክንፈሚካኤል ካርታቸውን ከደረታቸው ዝቅ አደረጉ።

«ፓስ» አሉ።

አድማሴም ፓስ አለ፤ እኔ የመጀመሪያውን ካርታ፣ ትንሽ የክለብ ካርታ ጣልኩ። ጋሽ ክንፈሚካኤል እጃቸውን ዘርግተው አሥራ ሦስቱንም ካርታ ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደሩ፤ አስ፣ ኬ፣ ኪው፣ ትላልቆቹን ሁሉ። ያማረ እጅ ነበር። ሲጨርሱ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፊት ለፊት እያዩ ተቀመጡ።

እናኑ የተዘረጋውን ካርታ ሳትቸኩል አየችው።

«ጋሼ፣ ያቺን የክለብ ሁለት ይጣሉልኝ» አለች።

ጣሉላት።