አሜን ያልኩበት ምስክርነት

ፓስተር አይታመምም። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ አዳማ ውስጥ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ሰው ቤት ገብቼ አንዴ ካስነጠስኩ የቤቱ እመቤት ደንግጣ «በኢየሱስ ስም!» ትላለች። እኔ የሄድኩት እኮ እሷ ሳምንቱን ሙሉ ስትስል ከርማ ልጸልይላት ነው። እሷ መታመም ትችላለች። እኔ አልችልም።

ገመዳ እባላለሁ፤ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው። የተወለድኩት ወለንጪቲ ነው። ወጣትነቴን መተሐራ፣ ሸንኮራ እርሻው ውስጥ የመጋዘን ሠራተኛ ሆኜ ጨረስኩና፣ ጌታ ጠራኝ ብዬ ሥራዬን ትቼ አዳማ ገባሁ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቦኩ በኩል በቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ አገለግላለሁ። የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ ቆርቆሮ አዳራሽ ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ስልኬ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ይጮኻል። አንዱ ባጃጁን ትራፊክ ይዞበት ይጸለይልኝ ይላል። ሌላዋ የአከራይዋ ልብ እንዲራራ ትፈልጋለች። አንድ ጎረምሳ ደግሞ የሁለት ሴቶች ፎቶ ልኮልኝ የትኛዋን ላግባ ብሎ ጠየቀኝ፤ ሁለቱንም ተዋቸው፣ ይትረፉ ብዬ ዘጋሁበት። ሚስቴ ጉዲቱ «ቁጣህ በዛ» ትለኛለች። በዝቷል። ሰው እግዚአብሔርን ማመን አቃተውና እኔን አመነ፤ እኔ ደግሞ ለዚያ የሚሆን ትከሻ የለኝም።

አሁን የምናገረውን አራት ዓመት ሙሉ ከጉዲቱ በቀር ማንም አያውቀውም ነበር። ደም ግፊት አለብኝ። መጀመሪያ ያወቅሁት ባቱ ለስብከት ሄጄ ራሴን ሲያዞረኝ፣ አንድ ክሊኒክ ገብቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ክትትሌ እዚያው ባቱ ነው። አዳማ ውስጥ ክሊኒክ ሞልቷል፤ ግን የትኛውም በር ላይ ብሰለፍ «ፓስተር፣ ማን ታሞብዎ ነው?» የሚለኝ ምእመን አላጣም። ስለዚህ በወር አንዴ ሚኒባስ እሳፈራለሁ። ለጉባኤው የወንጌል ጉዞ ነው እላለሁ። ውሸት እንዳይሆንብኝ ደግሞ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ወንጌል እናገራለሁ። አንዲት የአበባ እርሻ ሠራተኛ ከሞጆ እስከ መቂ ስነግራት ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር። ይህን ሁሉ የማደርገው ለአንዲት ነጭ ክኒን ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት የምትዋጥ።

አሁን ወደ አሳየች ልምጣ።

አሳየች የወንጂ ሸንኮራ ቆራጭ ሚስት ነበረች። ባሏ ሲሞትባት ልጇን ትህትናን ይዛ አዳማ ገባች፤ ከባቱ የሚመጣውን ሽንኩርትና ቲማቲም ገበያ ላይ እየቸረቸረች ልጇን አስተምራ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት አደረገች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው የምትቀመጠው። ስብከቴ ሲረዝም ሰዓቷን በጣቷ መታ መታ ታደርግልኛለች። ከጉባኤው ሁሉ የማልቆጣው እሷን ብቻ ነው፤ ትክክል ናታ።

እሷም ግፊት ነበረባት። የእሷ ግን የታወቀ ነበር፤ ምእመን ስለሆነች አይደበቅም። ጥር ላይ የሦስት ቀን ኮንፍረንስ አድርገን እንግዳው አገልጋይ ለሕሙማን ጸለየ። በማግስቱ እሑድ አሳየች ለምስክርነት ወጣች።

በእኛ ዘንድ ምስክርነት ቀልድ አይደለም። ጌታ ያደረገልህን ይዘህ መድረክ ላይ ትወጣለህ፤ ጉባኤው እልል ይላል። አንዴ ተፈወስኩ ብለህ በማይክ ከተናገርክ በኋላ መልሰህ ታመምኩ ብትል፣ የተሰጠህን እንደጣልክ ትቆጠራለህ። ለዚህ ነው አንድ ደንብ ያወጣሁት፦ የበሽታ ምስክርነት አስቀድሞ ለእኔ ይነገራል፤ የሐኪም ወረቀትም ይታያል። በዚህ ደንብ ስንት ሰው አስቀይሜአለሁ! ያን ዕለት ግን አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ እንግዳው አገልጋይ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ደንቡን ረሳሁት ልበል። አልረሳሁትም። ወረቀት ብጠይቅ እምነት የጎደለው ፓስተር እንዳልባል ፈራሁ።

«ከተጸለየልኝ ወዲህ ራሴን አላመመኝም» አለች አሳየች። «ክኒኑንም ሽንት ቤት ጣልኩት!»

ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ እልል ተባለ። ማይኩን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ጠዋት የዋጥኳት ክኒን ሆዴ ውስጥ ናት። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ሐኪም ሳያይሽ ግን አታቋርጪ» ማለት ይቻል ነበር። ሕዝቡ አየኝ።

አሜን አልኩ።

መጋቢት ላይ ትህትና ቢሮዬ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል።

«ፓስተር፣ እማዬን አንድ ነገር ይበሉልኝ። ፋርማሲ ለክተዋት ሁለት መቶ በመቶ ሃያ ሆነ። ከንፈሬን ደነዘዘኝ ትላለች።»

«መድኃኒቷን ትጀምራለቻ!»

«ምስክርነቴን አላፈርስም ትላለች። ለምኜ ደከመኝ። እርስዎን ግን ትሰማለች።»

የመጨረሻዋ ቃል አቃጠለችኝ። እንዲያም ሆኖ በዚያው ቀን ቤቷ ሄድኩ። ሽንኩርት እየለየች ነበር፤ የበሰበሰውን ወደ አንድ ወገን ትጥላለች። እኔም ስለ ሐኪም ጥበብ ከእግዚአብሔር መሆን፣ ሉቃስም ሐኪም ስለመሆኑ ረጅም ነገር ተናገርኩ።

«ሉቃስ ጉባኤ ፊት ወጥቶ ተፈወስኩ አላለም» አለችኝ። «እኔ ብያለሁ። አጠገቤ የምትሸጠው ኡሙሰልማ እንኳ ታውቃለች። ነገ ክኒን ስውጥ ብታየኝ ስለ ጌታ ምን ትላለች?»

«ጌታ ስለ ስሙ አንቺ እንድትሞቺለት አልጠየቀም፣ አሳየች።»

«እርስዎማ እንዲህ አይበሉኝ! አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይዎት ራስዎን እንኳ አሞዎት አያውቅም። በማን ተጽናንቼ የጣልኩት ይመስልዎታል?»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከዚያ «እንጸልይ» አልኩ። ፓስተር የሚለው ሲጠፋው የሚሸሸግበት ጥሩ ቦታ ነው፤ ዓይን ይጨፈናል፣ የሚጠይቅህም የለም። ጸልዬ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ራሴን ስሰድብ ሾፌሩ እሱን የሰደብኩት መስሎት አቆመ።

ለጉዲቱ ነገርኳት። እሷ ነገር አታበዛም፤ «ንገራት» አለችኝ።

«ለእሷ ከነገርኩ ለጉባኤው ነገርኩ ማለት ነው።»

«እንግዲያው ለጉባኤው ንገር።»

«ቀላል አደረግሽው!»

«እኔ ለአራት ዓመት ባሌ ባቱ ለወንጌል ሄደ እያልኩ ዋሽቼልሃለሁ፤ እሱስ ቀላል ነበር?»

በማግስቱ ወደ ጋሽ ቀልቤሳ ሄድኩ። የሽማግሌዎቻችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ። ሁሉን አወጣሁላቸው። ምንም አልደነገጡም፤ ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙኝና «ተወው» አሉኝ።

«እንዴት እተወዋለሁ?»

«ከእኛ ማዶ አዳራሽ የከፈተው ነቢይ ነኝ ባይ ይህን ቢሰማ በሳምንቱ ግማሹን ሰው ይወስደዋል። ሕዝቡ እኮ አንተን አምኖ ነው የሚመጣው።»

«እኔን ነው ወይስ እግዚአብሔርን?»

«እግዚአብሔርን። በአንተ በኩል።»

እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። በእሳቸው ብቻ አይደለም፤ መልሳቸው ከሁለት ወር በፊት ማይክ ይዤ ልቤ ውስጥ የነበረው ሐሳብ ቃል በቃል ስለሆነ ነው። ሌሎችን እምነት የላችሁም እያልኩ ስቆጣ የኖርኩ ሰው፣ አምላኬ ያለ እኔ ጤንነት ስሙን የሚያስጠብቅበት መንገድ ያለው አልመሰለኝም ነበር። እምነት ቢሆንማ ኖሮ እኔም ክኒኔን እጥል ነበር፤ ወይም ደግሞ በአደባባይ እውጥ ነበር። የእኔ ፍርሃት ነው፤ ከረባት ያሰረ ፍርሃት።

እንዲህ እያሰብኩም ሁለት እሑድ አሳለፍኩ። አሰብኩ ማለት አደረግሁ ማለት አይደለም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትህትና ደወለች። እናቷ ገበያ ላይ ቲማቲም ስትመዝን ግራ እጇ አልታዘዝ ብሏት ሚዛኑ ወድቋል። ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ተመልሶላታል። ሆስፒታል እንሂድ ብትላት አሻፈረኝ ብላለች።

«ነገ ጉባኤው ይጸልይልኝ ነው የምትለው» አለች ትህትና። «ፓስተር፣ እናቴን ልትገድሏት ነው እንዴ?»

እሑድ መድረክ ላይ ስወጣ ያዘጋጀሁትን ስብከት ቤት ትቼው ነበር። አሳየች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ ግራ እጇን በቀኝዋ ይዛለች። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

«ግፊት አለብኝ» አልኩ። «አራት ዓመት ሆነኝ። በየቀኑ ክኒን እውጣለሁ። የወንጌል ጉዞ እያልኩ ባቱ የምሄደው ለክትትል ነው። ዋሽቻችኋለሁ።»

የጣሪያው ማራገቢያ ብቻ ይንቋቋል። ከኋላ አንድ ሰው «ጌታ ይገሥጽህ» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለሰይጣን አልገባኝም። ጋሽ ቀልቤሳ አንገታቸውን ደፉ። አንድ ቤተሰብ ልጆቹን ሰብስቦ ወጣ። እኔም ስለ መድኃኒትና ስለ እምነት ላብራራ ስጀምር አሳየች ተነሣች።

«ፓስተር» አለች። ማይክ አልፈለገችም። «እኔ የመሰከርኩ ዕለት ጠዋት ውጠው ነበር?»

«ውጬ ነበር።»

«እኔ ጣልኩት ስል አሜን ብለዋል።»

«ብያለሁ።»

ቆማ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ትህትናን ደግፊኝ ብላ ወጣች። እኔም ማይኩን አስቀምጬ ተከተልኳት። ዘማሪዎቹ ግራ ተጋብተው መዝሙር ሲጀምሩ ከኋላዬ ይሰማኛል፤ አንዱ በአንድ ዜማ፣ ሌላው በሌላ።

እነሱ ባጃጅ ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ሄደዋል። ሌላ እስካገኝ ዘገየሁ። ጤና ጣቢያው ስደርስ አሳየች ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ነርሷ ለክታት፣ ተቆጥታት፣ ክኒን ሰጥታት፣ እንደገና እስኪለካ እዚሁ ቆዪ ብላታለች። ወደ ሆስፒታልም ሪፈር ትጽፍላታለች። ክኒኑ መዳፏ ላይ ነው። እኔን ስታይ አፏ ውስጥ ጣለችውና ውኃ ጠጣችበት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እሱ ይመስገን» አለች። «እርስዎ ግን ከእንግዲህ ሊጸልዩልኝ ቤቴ አይምጡ።»

ትህትና «እማዬ!» አለቻት።

«ተይኝ! ብሞት ኖሮ መቃብሬ ላይ ቆሞ ‹እህታችን እምነቷን ጠበቀች› ሊል ነበር።»

እውነቷን ነው። እንደዚያ እል ነበር። እንዲያውም ጥሩ አድርጌ ነበር የምለው፤ ሰው አስለቅስበት ነበር። ይቅር በይኝ አልኳት። ፊቷን ወደ ነርሷ በር አዞረች። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል፤ ከእነሱም ሁለቱ የእኛው ምእመናን ናቸው፤ ካርዳቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እኔን እንዳላዩ ሆነው ተቀምጠዋል።

«ለመሆኑ» አለች አሳየች በመጨረሻ፣ «በአራት ዓመት ውስጥ ለዚህ በሽታዎ የጸለየልዎት ሰው አለ?»

«ጉዲቱ።»

«ከሚስትዎ ሌላ።»

አሰብኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እጄን የጫንኩበት ራስ ስፍር ቁጥር የለውም። በእኔ ራስ ላይ ለሕመሜ እጁን የጫነ አንድም ሰው የለም። እንዴት ይኑር? ማንም አያውቅማ።

«የለም» አልኳት።

«ጎንበስ ይበሉ።»

«እዚህ?»

«እኔንስ የት ነው ያስመሰከሩኝ? ሰው ፊት አይደለም?»

ጎንበስ አልኩ። ደህናውን እጇን ራሴ ላይ ጫነች፤ ከባድ እጅ ነው፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብላ ጸለየች።

«ጌታ ሆይ፣ ይህን ሰው ፈውሰው። እስክትፈውሰው ድረስ ክኒኑን አያቋርጥ። ውሸቱን ግን ዛሬውኑ ያቋርጥ።»

ከጎናችን ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩ አንድ ሼህ «አሚን» አሉ። እኔ ማለት አልቻልኩም።