ቀልደኛውን ያናገረችው ነርስ

ሲስተር ሳኖባር በማርጊላን ከተማ በአንድ ሆስፒታል የነርቭ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። መርፌዋ አያምም፤ ምላሷ ግን ያማል ይሏታል።

አንድ ጠዋት ቱርዲቮይን በቃሬዛ አመጡላት። ሻይ ቤት በሚደረገው የቀልድ ግጥሚያ ለሠላሳ ዓመት ማንም ረትቶት የማያውቅ ሰውዬ ነው። ወደ አንጎሉ ደም የሚወስደው ሥር ተዘግቶ ቀኝ ጎኑ ዝሏል፤ ምላሱም ተሳስሯል። ሐኪሞቹ መድኃኒቱን ሰጡት፤ የደም ግፊቱን መለካት፣ ጀርባው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ የሳኖባር ሥራ ሆነ።

በማግስቱ ሚስቱ ሪሶላት ሥጋ የበዛበት ሩዝ በድስት ይዛ መጣች።

«እትዬ ሪሶላት፣ ድስቱን ይክደኑት» አለቻት ሳኖባር።

«በረሃብ ልትገድይው ነው እንዴ?»

«መጀመሪያ መዋጥ ይችል እንደሆነ ልይ።» በማንኪያ ጥቂት ውሃ ብትሰጠው ትን አለው። «አዩ? ሩዙ ሳንባው ውስጥ ቢገባ አለቀለት። ይልቅ ለእኛ ይተዉት፤ እኛ መዋጥ አላቃተንም።»

ሪሶላት ሳትወድ ሳቀች።

ጠያቂዎቹ ግን ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስል ያንሾካሹኩ ነበር። ቱርዲቮይም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ እጅህን አንሳ ቢሉት አያነሳ፣ «አ» በል ቢሉት አይል። ሳኖባር ሳምንት ታገሠችና ጺሙን እየላጨች ነገር ጀመረችው።

«አባባ፣ ቀልደኛ የሚሉት እርስዎን ነው? አሁን ገባኝ፤ የሚረቱት ሰዉን በዚህ ሪዝ አስደንግጠው ነው።»

አፈጠጠባት።

«መልስ ካለዎት ይበሉ! ጡረታ እስክወጣ ጊዜ አለኝ።»

ፊቱ ቀላ፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። አበዛሁት ይሆን ብላ የግፊት መለኪያውን ልታነሳ ስትል፣

«አህ... ያ!» አለ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ካርዱ ላይ ሳኖባር «አንድ ቃል ተናገረ፤ ቃሉም በደንብ ይሰማል» ብላ የጻፈችውን አነበበ።

«ምን አለ?»

«ስሜን ጠራኝ» አለች ሳኖባር፣ ፈገግ እንኳ ሳትል። ቱርዲቮይ በግማሽ አፉ እየሳቀ አልጋውን አንቀጠቀጠው።

ከዚያ ወዲያ አንድ ስድብ እንዲሰድባት ለመፍቀድ እጁን አሥር ጊዜ ታስነሳው ጀመረች። በአርባኛው ቀን ከዘራ ተደግፎ ወጣ። ሻይ ቤትም ተመለሰ፤ እንደ ድሮው ፈጣን አይደለም፣ ጓደኞቹ መልሱ እስኪመጣ አንድ ሲኒ ሻይ ይጨርሳሉ።

ሳኖባር እሱ የወጣ ዕለትና በማግስቱ ማንንም በቀልድ ሳትነካካ ዋለች። ባልደረቦቿ ታመመች ብለው ግፊቷን ለኩላት። ደህና ነበር።