ከሕንዱ ግምብ የመጣ ጥሪ

ያን ቀን የነበርነው እኔ፣ የሰባት ዓመት ልጄ፣ ጎረቤቴና አህያዋን የምትነዳ አንዲት የቦረና አሮጊት ነን። አሮጊቷን ሠፈሩ ሁሉ አያቱን እንደሚጠራ «አኮ» ይላታል። አራት ነበርን። አንዳችን ዘወር ብለን ብናይ ይበቃ ነበር።

ሞባይል በኬንያው ሞያሌ ከስንት አንድ ሰው እጅ በሚታይበት ዘመን፣ በድርቅ ወራት ነው። ከቡቲዬ መንደር ውኃ ቀድተን በቀትር ስንመለስ በሕንዱ ግምብ በኩል ማለፍ ነበረብን። ግምቡ ጣሪያ የለውም፤ ድሮ የአንድ ሕንድ ሱቅ ነበር ይባላል። ሰውየው በጦርነት ጊዜ ሲሸሽ ሚስቱን ጥሏት ሄደ፣ እሷም በውኃ ጥም ሞተች፣ እስከ ዛሬ በቀትር ትጣራለች ይላሉ። የምትጣራው ግን አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው እዚያ አካባቢ ሲጣራ ሦስት ጊዜ ይጣራል፤ ሰሚውም ሦስተኛውን ሳይሰማ አይመልስም። ልጄን ከፊደል በፊት ያስተማርኳት ይህን ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ እሷን የምጠብቅበት ሌላ እውቀት አልነበረኝም።

ሙቀቱ ከመሬት እየተነሳ እንደ ውኃ ይንቀጠቀጣል። ግምቡ ከመሬት ተነቅሎ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር፤ የእግራችን ድምፅ እንኳ ከሩቅ የሚመጣ የሌላ ሰው እርምጃ መሰለኝ። በዚያ ብርሃን ውስጥ፣ ከግምቡ ጀርባ፣ ቀጭን የሴት ድምፅ መጣ።

«እናቶቼ፣ ውኃ!»

ልጄ ቀሚሴን ያዘች። «እማ፣ አማርኛ ተናገረች።»

«ዝም በይ። ቁጠሪ።»

«እዚህ ኬንያ ነው፤ መንፈስ ከሆነች በስዋሂሊ ትጥራን!» አለች ጎረቤቴ፤ ስትፈራ መቀለድ ትወዳለች።

«ሳቂ አንቺ፣ ትከተልሽና ታያለሽ» አለቻት አኮ፣ አህያዋን እየመታች።

ቆጠርን። ሁለተኛ ጥሪ አልመጣም። የልጄን ፊት በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ጀሪካኑ ጀርባዬን እየመታኝ፣ ወደ ከተማ ሮጥኩ። ልጄን ያዳንኩ መስሎኝ ቤቴ ገብቼ አምላኬን አመሰገንኩ።

ከሰዓት በኋላ ሳሙና ልገዛ ብወጣ፣ መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጠው ሴት ጠራችኝ።

«ማማ፣ በቀትር ከቡቲዬ የመጣችሁት እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን። ምነው?»

«አንዲት እርጉዝ፣ ከድንበሩ ወዲያ ማዶ በእግሯ የመጣች፣ እዚህ ወድቃ ነበር። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ‹ሴቶች አይቼ ውኃ ለመንኩ፤ ፊታቸውን አዙረው ሮጡ› አለችኝ። ምን አድርጋችሁ ነው?»

«ለምን አንዴ ብቻ ተጣራች?» አልኩ።

«እንግዳ ናት፤ ማን ይንገራት? ድምፅስ የት አላት?»

ቤት ሮጬ ውኃና ዳቦ ይዤ ስመለስ፣ ወደ ኢሲዮሎ ከተማ ከብት የጫነ ሎሪ ይዟት ሄዷል። ሰው ደግፎ ላዩ ላይ አውጥቷት ነበር አሉኝ። አቧራው ገና አልተቀመጠም ነበር። ውስጡ ቆሜ ሦስት ጊዜ ተጣራሁ፤ ስሟን ስለማላውቅ «እህቴ» ብዬ።

ልጇ ዛሬ ትልቅ ሰው ይሆናል፣ ከተወለደ። በዚያ ድርቅ ከሞያሌ በከብት ሎሪ ላይ የሄደች፣ አማርኛ የምትናገር፣ መውለጃዋ የደረሰ ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ በደህና መገላገሏንና ያለችበትን እባካችሁ ንገሩኝ።