ሳልጠይቃት የቀረሁት

ኮሮና ያቋረጠውን ትምህርት ለማካካስ ሴሚስተሮቹ በተጣደፉበት ዓመት ነው። ጅግጅጋ ተመድቤ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የተማሪዎች ስም የሰፈረበት ወረቀት ሰጠኝና፣ ከዛሬ ጀምሮ አማካሪያቸው አንተ ነህ አለኝ። የምዝገባ ቅጽ ላይ መፈረምና ውጤቱ የወረደበትን ጠርቶ ማነጋገር ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ከተማሪዎቹ አንዷ ከደገሀቡር የመጣች፣ ከፊት ወንበር የማትጠፋ ልጅ ነበረች። ዝምተኛ ናት። አማርኛ ስትናገር ቃሉን በልቧ መርምራ ነው የምታወጣው። በፈተናው ሳምንት አንድ ጠዋት ቢሮዬ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ግቢ ብዬ ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም። የያዘችውን ደብዳቤ ዘረጋችልኝ። ፈተና ላይ ከወንበሯ ሥር ቀመር የተጻፈበት አጤሬራ ተገኝቷል፣ ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቅረብ፣ ከፈለገች አማካሪዋን ይዛ መምጣት ትችላለች ይላል።

ከዚያ በፊት እንዲህ ያሉ ሁለት ጉዳዮች ሲታዩ ሰምቼ ነበር። የካደው ተማሪ ተባረረ፣ አምኖ ይቅርታ የጠየቀው በማስጠንቀቂያ ታለፈ። ይህን ይዤ፣ እንደሚያውቅ ሰው ሆኜ መከርኳት።

«ኮሚቴው ፊት አትከራከሪ። ጥፋቴ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ በይ። በማስጠንቀቂያ ያልፉሻል።»

ሌላ መንገድ የለም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የሚሻልሽ ይሄ ነው አልኳት። ጠረጴዛዬ ላይ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ተቆልሎ ነበር፤ ዓይኔ ወደ እሱ ይሄድ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከዚያ የይቅርታውን ደብዳቤ እየነገርኳት ጻፈች። «ወረቀቱን ይዤ በመግባቴ» የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ ቆመ። ቀጥዪ አልኳት፤ ቀጠለች።

ሐሙስ ዕለት አጠገቧ ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን ድምፅዋ ሳይሰበር አነበበች። አጤሬራውን ከእጅ ወደ እጅ አሳለፉት፣ እኔም ያዝኩት፣ አየት አድርጌ መለስኩት። ትጉህ ተማሪ መሆኗን ተናገርኩላት። ኮሪደር ላይ ጠብቁ አሉን፤ ብዙም ሳንቆይ ተጠራን። ለአንድ ዓመት ከትምህርት ታግዳለች አሉ። በዚያ ሴሚስተር ኩረጃ ስለበዛ ኮሚቴው ማስተማሪያ የሚሆን ቅጣት ፈልጓል፤ ራሷ ስላመነች ደግሞ ምርመራ አላስፈለገም። ስንወጣ አመሰግናለሁ መምህር አለችኝ። በማግስቱ ዶርሟን አስረክባ ሄደች።

የሴሚስተሩን ውጤት ሳስገባ የቤት ሥራዎቿ እጄ ገቡ። ጽሑፏ ደቃቅ ነው፣ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ሰባት ቁጥርን ወገቡ ላይ ሰረዝ ታደርግበታለች። ገጹ ላይ እንዳፈጠጥኩ ቀረሁ። ኮሚቴው ፊት የያዝኩት አጤሬራ በትልልቅ ክብ ፊደል የተጻፈ ነበር። ወደ ኮሚቴው ጸሐፊ ሄጄ ፋይሉን አስወጣሁና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። የእሷ እጅ አልነበረም። ከእሷ በፊት በዚያ ክፍል የተፈተነ ሌላ ሰው ጥሎት የሄደ ይመስለኛል። የቤት ሥራዎቿ ግን ከጅምሩ መሳቢያዬ ውስጥ ነበሩ።

የይግባኙ ጊዜ አልፎ ነበር። ቢሆንም ሁለቱን ጽሑፎች አያይዤ ጻፍኩ። ተማሪዋ በገዛ እጇ ጽፋ ያመነች ስለሆነ ጉዳዩ ተዘግቷል የሚል መልስ መጣ። ያን የእምነት ቃል አንድ በአንድ የነገርኳት እኔ ነኝ። ራሷ ብታመለክት፣ በአማካሪዬ ምክር ነው ብትል፣ እንደገና ያዩት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ስልኳ አይሠራም። ከዶርም ጓደኛዋ የቤታቸውን አቅጣጫ ጠይቄ በሚኒባስ ደገሀቡር ወረድኩ።

አባትዋ የከብት ደላላ ናቸው። አማርኛቸውን የለመዱት ገበያ ላይ ነው። መምህሯ መሆኔን ስነግራቸው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቅ አሉ። ምንጣፍ አነጠፉልኝ፣ የወተት ሻይ አስመጡልኝ። «ለታመመች ተማሪ ብሎ ይህን ሁሉ መንገድ የሚመጣ መምህር አላየሁም» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ለቤተሰቧ የነገረችው ታማ እንደተመለሰች ነው። አንገቴን ደፍቼ ሻዩን ጠጣሁ።

የአስር ሶላት ሊሰግዱ ሲወጡ ልጅቱ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ስለ ጽሑፉ፣ ስለ ይግባኙ ነገርኳት፤ እኔም እመሰክርልሻለሁ አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«መምህር፣ ያን ቀን ቢሮዎ ስመጣ ወረቀቱ ያንቺ ነው ወይ ብለው አልጠየቁኝም» አለች።

«ብጠይቅሽ ምን ትዪኝ ነበር?»

«አይደለም እልዎት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«የሚሻልሽ ይሄ ነው አሉኝ። እርስዎ ያውቃሉ ብዬ ነው።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፤ አልነበረም። ይግባኙን ግን እንደማትፈልግ ነገረችኝ። ደብዳቤ ቢመላለስ አባቷ ኮርጃለች መባሏን ይሰማሉ፤ በኋላ ነፃ ብትወጣ እንኳ መጀመሪያ የሰሙት ከልባቸው አይወጣም። ለአባቴ ምንም እንዳይነግሯቸው ብላ ለመነችኝ። እሺ አልኩ። አባትዋ ተመልሰው እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ፤ እስክንደርስ ድረስ በመድኃኒቱ እየተሻላት መሆኑን ያጫውቱኝ ነበር።

ቅጣቷ ባለቀ ጊዜ ሬጅስትራር የለጠፈውን የዳግም ተመላሾች ዝርዝር ሄጄ አየሁ። ስሟ የለም። በሚቀጥለው ሴሚስተርም ፈለግሁት። በኋላ የዶርም ጓደኛዋ ስትመረቅ እንደነገረችኝ፣ ድንበር ላይ ባለችው ቶጎጫሌ ከተማ አክስቷ ልብስ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ አባትዋም ለጠየቃቸው ሁሉ ትምህርቷን ያስቋረጣት ሕመም ነው ይላሉ። ቶጎጫሌ ከጅግጅጋ ሩቅ አይደለም፤ ሚኒባስም ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልሂድ ብዬ ስንቴ እንደተነሳሁ አላውቅም፤ እስካሁን ግን አልሄድኩም።